ኀፍረትና ክሕደት
በየዓመቱ ከኢትዮጵያ አራቱ ማዕዘን የተነሡ ወጣቶች ሻንጣቸውን ተሸክመው ከከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ሲደርሱ ይታያሉ። በዋና ከተማችን ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ የሚገኙት በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። በስድስት ኪሎ ቀድሞ ገነተ ልዑል ይባል የነበረው ቤተ መንግሥት በ1953 ዓ.ም. ለትምህርት ተሰጥቶ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ቆሞበታል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ በየካ ክፍለ ከተማ ደግሞ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት መምህራንን ሲያሠለጥን የኖረው፥ ዛሬ የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው አለ። ስለዚህ ወደዚህ የሚመጣ አዲስ ገብ ተማሪ፥ ከየትም አገር ይምጣ፥ ማለዳ ቀና ሲል የሚያየው ያንኑ ባሕር ዛፍ የለበሰ ተራራ ነው። ባሕር ዛፉም ቢሆን እንደ ልጁ እንግዳ ነው፤ ዘሩ ከአውስትራልያ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዚህ ተራራ ላይ ሥር ሰደደ።

ስለ እነዚህ ወጣቶች በምእመናን መካከል ዘወትር የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ «ልጁ በአገሩ ሳለ ጾመኛና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበረ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ግን ሃይማኖቱን ተወ» ይባላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ አንዱ የውጭ አገር ፍልስፍና ነው ይላል፤ ሁለተኛው ክፉ ባልንጀራ ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ጫትና መጠጥ ነው ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እኛም እነዚህ ሁሉ ሐሰት ናቸው አንልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ ምን እንደሚማር እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. እንደ ገና በተጀመረው ሥርዐት አዲስ ገቡ ተማሪ የትምህርት ክፍል ሳይመርጥ በፊት የሚማረው እንግሊዝኛ፥ ሒሳብ፥ የኢትዮጵያና የአፍሪቃ ቀንድ ጂኦግራፊ፥ ሥነ ልቡና፥ ሥነ አመክንዮ፥ ይህንም የመሰለ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የአባቶችን ሃይማኖት የሚያናጋ የትኛው ነው? በሒሳብ ምክንያት የካደ ሰው እስከ ዛሬ አላየንም፤ በሒሳብ ምክንያት ያፈረ ግን እጅግ ብዙ ነው።

እንግዲህ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጠፋው ወጣት የካደ ነውን? ወይስ ያፈረ ነው? ሁለቱ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የካደውም አይመጣም፥ ያፈረውም አይመጣም። መድኀኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ላፈረ ሰው የክርክር መጽሐፍ ማዋስ፥ እግሩ ለተሰበረ ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን፥ እንደ እርሱ ያሉትን ብዙዎችን ስለምናውቅ፥ አንድ ወጣት በዐይነ ሕሊናችን እናቁም። ከጋይንት የመጣ ነው እንበል። በአገሩ ዲያቆን ሆኖ ቀድሶአል፤ ከየኔታም ዘንድ ዜማ ጀምሮ ነበረ። በዘመናዊው ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ ወጥቶ አያውቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በደረሰ ጊዜ እናቱ ለቅዱስ ሚካኤል ጥላ ተሳለች፤ ልጁም አለፈ፤ ጥላውም ገባ። አባቱ ለመንገዱና ለልብሱ አንድ ወይፈን ሸጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተራችን» እያለ ሸኘው፤ ልጁ ግን ገና ምን እንደሚማር እንኳ አልወሰነም ነበር።

ይህ ሁሉ ደስታ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት በዚያ ዓመት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ነበሩ። ከግማሽ በታች ካገኙት መካከል ብዙዎች በአቅም ማሻሻያ ትምህርት በኩል እንዲገቡ ተደርጎአል። እንግዲህ በቀጥታ ያለፈ ልጅ በወረዳው እንደ ብርቅ ቢታይ አያስደንቅም።

ልጁ ግን ግቢ ገብቶ በማደሪያ ክፍሉ አልጋው ላይ በተቀመጠ ጊዜ፥ ከራስጌው ያለው ተማሪ ከወለጋ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ነው፤ ከግርጌው ያለው ከሐድያ አንደኛ ወጥቶ የመጣ ነው፤ በመስኮቱ በኩል ያለውም በከተማ ባለ ብዙ መጻሕፍት ትምህርት ቤት ያደገ፥ እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ነው። መቶ አንደኞች በአንድ አዳራሽ ሲቀመጡ ኀምሳዎቹ ከመካከለኛው በታች መሆናቸው የቊጥር ግዴታ ነው እንጂ የእግዚአብሔር ቊጣ አይደለም። ይህን ግን ለልጁ የነገረው የለም። የአጋማሹ ፈተና ውጤት በመታወቂያ ቊጥር ተለጥፎ ባየ ጊዜ፥ በሒሳብ ከመቶ 31 አግኝቶአል። ቊጥሩን ሁለት ጊዜ፥ ሦስት ጊዜ አመሳከረ፤ የሌላ ሰው ቢሆን ምንኛ በወደደ ነበር።

በዚያው ምሽት እናቱ ደወለች። «ልጄ፥ ትምህርቱ እንዴት ነው?» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን፥ እማዬ፤ በጣም ደኅና ነው» አላት። «ፈተናውሳ?» «እርሱም ደኅና ነው፤ ከበላዮቹ ነኝ»። እናቲቱ እልል አለች።

የልጁ ጥፋት የተጀመረው በ31ዱ አይደለም፤ በዚህ ቃል ነው። ሐሰት እንደ ብቸኛ ልጅ ታናሽ ወንድም ትፈልጋለችና፥ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛዋ ተወለደች፤ ለበዓል ወደ አገሩ እንዳይሄድ «ጥናት በዛብኝ» አለ። የክፍል ባልንጀራውን እንዳይጠይቅ፥ መጠየቅ አለማወቅን መግለጥ ሆነበት። መምህሩም ያልገባው ቢኖር ወደ ቢሮው እንዲመጣ ተናግሮ ነበረ፤ በመምህሩ ፊት ስሙን መናገር ደግሞ ያንን ቊጥር ከፊቱ ጋር ማያያዝ መሰለው። ባለፉት ወራት ወር በገባ በ12 ወደ የካ ሚካኤል ይሄድ ነበረ፤ አሁን ግን እናቱ ጥላ ባገባችለት በመልአኩ ሥዕል ፊት ቆሞ ማየት አልቻለም። በእርሱ ዐሳብ ጥላው ገና ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖአል። መጀመሪያ ማስቀደስ ተወ፤ ቀጥሎ ረቡዕና ዓርብን ተወ፤ በመጨረሻም «ለመሆኑ እግዚአብሔር አለን?» ብሎ የሚናገር ተማሪ ባገኘ ጊዜ ነገሩ ጣመው። ስለ ምን ጣመው? እግዚአብሔር ከሌለ የሚያፍርበት ፊት አይኖርምና ነው። ሰዎችም ይህን የመጨረሻውን ብቻ አይተው፥ ፍልስፍና አበላሸው አሉ።

አዳምን እናስታውስ። አዳም ከወደቀ በኋላ አምላኩን አልካደም፤ ከዛፎች መካከል ተሸሸገ እንጂ። ድምፁን ሰምቶአል፤ የማን ድምፅ እንደ ሆነም ዐውቆአል፤ ስላወቀም ሸሸ። የሰው የመጀመሪያው ሽሽት ከኀፍረት የመጣ ነው። ጌታም ወዴት እንዳለ ሲጠይቀው ስፍራው ጠፍቶበት አልነበረም፤ እርሱ ራሱ በአፉ እንዲናገር ነው እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ልባዊ መከራከሪያ ሊነሣብን ይችላል። «ልጁ የዋሸው ለራሱ አይደለም፤ ለእናቱ አዝኖ ነው። ወይፈን የተሸጠበት፥ ጥላ የገባለት ልጅ 31 አገኘሁ ብሎ እናቱን ሌሊት ሊያሳድራት ይገባዋልን? እንዲህ ያለው ሐሰት ምሕረት አይደለምን?» ይባላል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ብዙ ደግ ሰዎችም በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ ለታመመ ሰው የሞት ወሬ መደበቅ በአገራችን የታወቀ ነው። ደግሞም ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ በስልክ መናገር ግዴታ ነው አንልም፤ ዝም ማለት ሌላ ነው፥ ጊዜ መጠበቅም ሌላ ነው፥ «ከበላዮቹ ነኝ» ማለት ግን ሌላ ነው።

ምሕረት መሆኑንና አለመሆኑን ለመለየት አንድ መፈተኛ አለን። ልጁ ያዘነው ለእናቱ ከሆነ፥ እናቱን ለማያውቃት ለክፍል ባልንጀራው ስለ ምን ዋሸ? ባልንጀራው ሲጠይቀው «እኔም ደኅና ነኝ» ብሎአልና። ለባልንጀራው የሚራራበት ምክንያት የለም። እንግዲህ ሐሰቱ የጠበቀው የእናቱን እንቅልፍ ሳይሆን «ዶክተራችን» የተባለውን ስም ነው፤ እናቲቱ ለስሙ ጋሻ ሆና ቆመች እንጂ ምሕረት አልተደረገላትም። ይልቁንም ተበደለች፤ በልጅዋ መከራ ጊዜ ልትጸልይለት፥ ልታጽናናው፥ እናት ልትሆንለት የሚገባት ሴት በሐሰት እልልታ ተሸኘች። የከፋውም ነገር ይህ ነው፤ ዝቅተኛ ውጤት ኀጢአት አይደለም፥ ሐሰት ግን ኀጢአት ነው፤ ልጁ ግን ሊያፍርበት በማይገባው አፈረ፥ ሊያፍርበት የሚገባውንም መሸሸጊያ አደረገው። (ውጤቱ የወረደው ከስንፍና የተነሣ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ ልጅ ግን ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ነው።)

ይህ ልጅ ዜማ ቤት የነበረ መሆኑን ተናግረናል። ከዜማም ቤት ይልቅ የቅኔ ቤት ለነገራችን ይጠቅማል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን በዱር በገደል ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በጓደኞቹ መካከል ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ይጥላል፥ ያነሣል፥ ያርማል፤ ጓደኞቹ ይሰማሉ። የጀማሪው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሁለቱም ቤት ስሕተት ሊገኝበት ይችላል። ማንም ግን ስለዚህ ወደ አገሩ አይሸሽም፤ ትላንት የዛሬው አራሚ ራሱ እንዲሁ ሲታረም የነበረ መሆኑን ሁሉ ያውቃልና። ከዚህም የሚበልጥ አለ። ድጓን በጋይንት ቤተ ልሔም አስመስክሮ የመጣ የዜማ መምህር፥ ቅኔ ካልተማረ፥ ቅኔ ቤት ሲገባ ከልጆች ጋር ጉባኤ ቃና ይቈጥራል። በአንዱ ጉባኤ መምህር የነበረው በሌላው ጉባኤ ጀማሪ ይሆናል፤ ይህም ነውር ሆኖ አይታይም። ቆሎ ተማሪው ለምድ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ በየደጁ ለምኖ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ገና ከመነሻው የሚጠብቀው ስም የለውም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ስሕተት የሚነገረው በምስጢር ነው፤ ስም ሳይጠራ፥ በቊጥር። ይህ ለተማሪው ክብር ታስቦ የተደረገ ነው፤ መልካምነትም አለው። ነገር ግን በዚያው መጠን እያንዳንዱ ተማሪ የወደቀው እርሱ ብቻ እንደ ሆነ ያስባል። ከራስጌውና ከግርጌው የተኙት ሁለቱ አንደኞች በዚያች ሌሊት ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ያንኑ ሲያስቡ እንደ ነበረ ልጃችን አላወቀም።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ዩኒቨርሲቲ የሚሉት ነገር ዛሬ የገጠማት አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ወደ አቴና ለትምህርት ሄዶ ሳለ፥ ባልንጀራው ባስልዮስ፥ በኋላ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነውና ቅዳሴው በእኛም ዘንድ የሚቀደሰው፥ ከእርሱ በኋላ መጣ። በአቴና አዲስ ገብ ተማሪን ነባሮቹ በክርክር ያፌዙበት፥ በገበያም መካከል አሰልፈው እየጮኹ ወደ ባኞ ቤት ይወስዱት ነበረ። ጎርጎርዮስ ባልንጀሮቹን ለምኖ ባስልዮስ ከዚህ ፌዝ እንዲድን አደረገ። ይህ ብቻ አይደለም። ባስልዮስ ስለ አቴና ብዙ ሰምቶ፥ ብዙ ተስፋ አድርጎ የመጣ ነበረና፥ እንዳሰበው ሆና ባላገኛት ጊዜ ልቡ ወደቀ። ያ ታላቅ ሊቅ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያዘነ፥ በመምጣቱም የተጸጸተ ተማሪ ነበረ። ጎርጎርዮስ ይህን ያወቀው ባስልዮስ ስላልሸሸገው ነው፤ ስላወቀም አጽናናው። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ኖሩ፥ በአንድ ማዕድ በሉ፤ የሚያውቁትም መንገድ ሁለት ብቻ ነበረ፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛው ወደ መምህራኑ። ስብከቶቻችን ስለ ሁለቱ መንገዶች ደጋግመው ይናገራሉ፤ ከመንገዶቹ በፊት ስለ ነበረው ኀዘን ግን እምብዛም አይነገርም።

እኛም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለንም። ልጁን ማን አሳፈረው? ወላጅ ልጁን በስሙ ሳይሆን በተራ ቊጥሩ ጠራው። ሰባኪው «ጸልዮ ያለፈ» ተማሪን ለምስክርነት አቆመ፤ ጸልዮ ስለ ወደቀው ግን ምንም አልተናገረም፤ የወደቀውም ጸሎቱ እንዳልተሰማ ቈጠረ። የግቢ ጉባኤዎቻችን ብዙ ወጣቶችን ከጥፋት አድነዋል፤ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዚህ ያደረገው አገልግሎት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በምረቃ በዓል ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ሲሸለሙ ማየት የተለመደ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ የወረደበት ተማሪ ወደ ጉባኤው እንዲመጣ የሚልክበት ሰው ግን ስንት ጉባኤ አለው? ለተሸላሚው የሚጨበጨበው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በኀፍረት ከክፍሉ የማይወጣው ግን በየሌሊቱ አለ።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር እንጨምር። ይህ ልጅ የንስሐ አባቱን በጋይንት ትቶ መጥቶአል። በአዲስ አበባ የሚያውቀው ካህን የለም፤ በየካም ሆነ በእንጦጦ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት የሚያስቀድሰው ከማይታወቁት ጋር ተቀላቅሎ ነው። ካልመጣ የት ጠፋ የሚለው አንድም የለም። ሻንጣውን ካስቀመጠ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት፥ ገና ምንም ሳይበድል፥ በአቅራቢያው ካለ ቤተ ክርስቲያን አንድ የንስሐ አባት ቢይዝ ኖሮ፥ በአጋማሹ ፈተና ጊዜ የሚሄድበት ደጅ በኖረው ነበረ። ከወደቁ በኋላ እንግዳ ካህን መፈለግ ለሚያፍር ሰው እጥፍ ዳገት ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም ያሉት ለዚህ ነው፤ መድኀኒተኛው ከበሽታው በፊት ቢታወቅ ግን መደበቁ ራሱ ይከብዳል።

ወደ ልጁ እንመለስ። አንድ ቀን፥ ሰንበት ሲሆን፥ በማደሪያው መቀመጥ ሰልችቶት ወደ እንጦጦ ወጣ እንበል። በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ፓርክ አልሄደም፤ ገንዘብም አልነበረውም፥ ልቡም ለሽርሽር አልነበረ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ደፉባት ወደ እንጦጦ ማርያም ደረሰ፤ ግን አልገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ተቀመጠ። በዚያ ዳገት ለብዙ ዘመን እንደ ታወቀው፥ ከቁመታቸው የረዘመ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ አየ። አንዲቱ፥ በዕድሜ የገፋችው፥ ሸክሟን ከድንጋይ ላይ አሳርፋ ተነፈሰች፤ ከኋላዋ የነበረችውን ሴት ጠርታም «ከበደኝ፤ እስቲ አንዴ ቀና አድርጊኝ» አለቻት። ሁለተኛይቱ የራስዋን ሸክም እንዳዘለች ቀረበች፤ በአንድ እጇ ገፍታ ቀና አደረገቻትና ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ልጁ ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ቆየ። ፀሓይ ስታዘቀዝቅ ከተማዪቱ ከበታቹ መብራት ማብራት ጀመረች። ስልኩን አውጥቶ እናቱን ደወለላት።

«እማዬ» አላት፤ «ከበላዮቹ ነኝ ያልሁሽ ሐሰት ነው። በሒሳብ ወድቄአለሁ። ቤተ ክርስቲያንም መሳም ትቼ ነበረ።»

እናቲቱ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ፤ ልጁም ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ነበረ። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ መጣ።

«ምሳህን በልተሃል?» አለችው።

«አልበላሁም።»

«እንግዲያ መጀመሪያ ብላ፤ ከዚያ ደውልልኝ፥ እንነጋገራለን» አለችው።